ጸጥ ያለው ሰፈራችን

ልጄ ሕሊና ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ ሰነበተች። ከባሏ ጋር ለዕረፍት ኢስታንቡል ሊሄዱ አስበዋልና ዓይኗን ከስልኳ ላይ አታነሣም። እኔ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ምስር እለቅማለሁ፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ የሚከራዩ ቤቶችን ፎቶ እያገላበጠች ታሳየኛለች። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ድመት የተኛችበትን መስኮት። ሆቴል አይፈልጉም። ቱሪስት የሚርመሰመስበትን መሀል ከተማም አይፈልጉም።

«ይኼኛው ጥሩ ነው» አለችኝ። «የሰፈሩ ሰው ብቻ የሚኖርበት፣ ጸጥ ያለ። ከዚህ በፊት ያረፉ ሰዎች ምን ብለው እንደጻፉ ስሚ እስቲ፤ ጎረቤቶቹ እንደ ቤተሰብ ተቀበሉን፣ እውነተኛውን ኑሮ አየን ይላሉ።»

በእጄ የያዝኩት ምስር ከነጠጠሩ ተመልሶ ሰፌዱ ላይ ፈሰሰ። እውነተኛ ኑሮ የሚሉትን ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ስጠላው ኖሬአለሁ። ሕሊና ፊቴን አይታ «ደግሞ ምን አልኩ?» አለች። ምንም አላልሽም አልኳት። ምስሩን ግን ልለቅመው አልቻልኩም፤ ሰፌዱን አስቀምጬ ነገሩን ከሥሩ አጫወትኳት።

ያደግኩት እዚሁ ላሊበላ ነው፤ ግን ፖስት ካርድ ላይ በምትታየው ላሊበላ አይደለም። ሆቴሎቹ ከላይ ጋራው ጫፍ ላይ ናቸው። አስጎብኚውም፣ መስቀል ሻጩም፣ «ሄሎ ሚስተር» የሚለው ልጅም እዚያው ነበር የሚውለው። የእኛ ሰፈር ቁልቁል፣ ከብልባላ በሚመጣው መንገድ በኩል ነው። እንጨት የጫነ አህያና ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ካልሆነ በቀር የሚረግጠው አልነበረም። አቧራው ቀይ ነው፤ በበጋ የልብስም የእንጀራም መልክ ይለውጣል። ግቢያችን ከአያቴ የተወረሰ፣ ከድንጋይ የተሠራ ክብ ፎቅ ቤት ያለበት ነበር። እናቴና እኔ ምድር ቤቱ ውስጥ እንኖራለን። የእናቴ ታናሽ ወንድም ደርበው እዚያው ግቢ ውስጥ የራሱ ቤት አለው። አባቴ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞቷል። ላይኛው ክፍል ግን የማንም አልነበረም።

የማንም አልነበረም ስል፣ የገና እንግዶች ነበር ማለቴ ነው። ላሊበላ ለገና በእግሩ የሚመጣውን ሰው ሁሉ የሚያስተናግደው በሆቴል አይደለም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ እንግዶች አሉት። የጋይንቶቹ እዚያኛው ግቢ፣ የጎጃሞቹ ከወንዙ ማዶ፣ የዋጎቹ ደግሞ እኛ ዘንድ። አባት ለልጁ መሬት እንደሚያወርሰው የሚያድርበትን ቤትም ያወርሰዋል። መንገደኛው እንደደረሰ የቤቱ እመቤት ውሃ አሙቃ፣ በገበቴ አድርጋ እግሩን ታጥበዋለች። ለሌላው ሰው ይህ ወግ ነው፣ በረከትም ነው። ለእናቴ ግን ከዚያም በላይ ነበር።

እናቴ አበሩ ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። እኔን ስታረግዝ ተሳለች። ይህን ልጅ ካተረፍክልኝ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በእግሩ የመጣ መንገደኛ እግር ሳላጥብ ገናን አልውልም አለች። ተረፍኩ። ስሜንም ስለእናት አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ገበቴዋን ይዛ ስትንበረከክ እያየሁ አደግኩ። የምታጥበው የሰው እግር ይሁን እንጂ የምትጠብቀው የእኔን ዕድሜ ነበር። አንድ ዓመት ብትቀር የተሰጣት ልጅ የምትወሰድባት ይመስላት ነበር። እኔም ትንሽ ሆኜ ይህን አምን ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምንም ልል አልደፍርም።

የዋጎቹ መሪ እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሴት። ከኋላቸው ስድስት ሰባት የአገራቸውን ሰዎች አስከትለው፣ በሶና ቆሎ በአቁማዳ ይዘው፣ ሰቆጣን ከለቀቁ ስንትና ስንት ቀን ተጉዘው ይደርሳሉ። እግራቸው የእግር መልክ የለውም። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ አቧራው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። እናቴ ያንን በጣቷ እየፈለቀቀች ስታጥብ እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመርቃሉ። ሲጨርሱም ወደ እኔ ዞረው «ጎሽ፣ አድገሻል» ይሉኛል። በየዓመቱ ይኸው ነበር።

አጎቴ ደርበውን ላስተዋውቃችሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ፤ እሱና እናቴ ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸውን ሳስበው ይገርመኛል። አስጎብኚ ነበር። ምላሱ ለስላሳ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። አንድ የኅዳር ቀን፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ የአዲስ አበባ ሰው አስከትሎ ወደ ግቢያችን ገባ። አቶ ፍስሐ ይባላል። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አፌ አይታዘዝልኝም። ዕድሜው ከእናቴ ይበልጣል፤ ደልደል ያለ፣ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ የለበሰ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ። ሆቴል አርፎ ነበር፤ ሻጩና ለማኙ አስመረረው። ለአጎቴ «ቱሪስት የማይረግጠው፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ፈልግልኝ። እውነተኛውን ኑሮ ነው ማየት የምፈልገው» ብሎታል። በራችን ላይ ቆሞ አየሩን በረዥሙ ሳበና «ይኼ ነው እንጂ ላሊበላ ማለት» አለ። አህያ እዚያው በሩ ላይ ፋንድያዋን ጥላ ከሄደች ገና እንፋሎቱ አልጠፋም ነበር።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀበለችው። ላይኛውን ክፍል ሲጠይቃት ግን ወንድሟን ወደ ጎን ጠራችው።

«እንግዳ የእግዜር ነው፣ ይግቡ። ብቻ ገና ሲደርስ ይልቀቁልኝ። የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አብሽሪ እታለም» አለ ደርበው፤ «እስከዚያ ጠግበው ይሄዳሉ።»

አልጠገበም። ሰፈሩ ይበልጥ እውነተኛ በሆነ ቁጥር ይበልጥ ወደደው። ሰፈሩን እውነተኛ ያደረገው ደግሞ አጎቴ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቢጫውን ጀሪካናችንን ከማጀት ኋላ ደበቀው። ለምን ስለው «ፎቶ ያበላሻል» አለኝ። በምትኩ ከእትዬ ዘነቡ ቤት እንስራ ተዋሰ። ሰፈራችን በእንስራ ውሃ መቅዳት ከተወ ቆይቷል፤ እትዬ ዘነቡ ያንን እንስራ የሚይዙት ለጠላ ነበር። የጅንስ ጃኬቴንና ሸራ ጫማዬን አስወልቆ የእናቴን ያረጀ ቀሚስ አለበሰኝና እንስራ አሸክሞ ወደ ቦኖው ላከኝ። የክፍሌ ልጆች ጀሪካን ይዘው ሰልፍ ላይ ቆመው ሲያዩኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀድቼ ስመለስ አቶ ፍስሐ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። «ቆይ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ አትዪኝ» ይላል። ውሃው ጌሾ ጌሾ ይሸት ስለነበር ከብት እንኳ አይጠጣውም፤ ማታ ማታ ደፍተነው በጀሪካን እንቀዳ ነበር።

ጎረቤቱም አላረፈም። ከነገሩ ጦም እደሩ ይላል የአገሬ ሰው፤ የእኛ ሰፈር ግን ነገሩ ውስጥ ዘሎ ገባ። አጎቴ ለአንዱ ሲጋራ፣ ለአንዱ ተስፋ ሰጠ። በሬ የሚባል ኖሮት የማያውቀው አያ ካሳ፣ ዕድሜውን በዘበኝነት የጨረሰው ሰውዬ፣ ቀትር ላይ ደበሎ ለብሶ ጅራፍ ይዞ አጥር ሥር መቀመጥ ጀመረ። እትዬ ዘነቡ የቴፕ ድምፅ ዘግተው የማይፈትሉትን ጥጥ ይነድፋሉ። ሰላምታው ረዘመ። ሁሉም ሰው ከወትሮው ሁለት እጥፍ ጎንበስ ይላል። አቶ ፍስሐ ይህን ሁሉ እያየ «እዚህ ሰዉ አልተበረዘም» ይላል። ሰዉ የተበረዘው እሱን ያየ ዕለት እንደሆነ የሚነግረው አጣ።

ከሁሉም ያንገሸገሸኝ ግን የእንቁላሉ ነገር ነው። የገና ጾም ገብቷል። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ከዚያም ሽሮ ወይ ተልባ ነው። እሱ «የቤተሰቡን ምግብ ነው የምበላው» ብሎ ለአገር ያወራል። የመጀመሪያው ቀን የእናቴን ሽሮ አንዴ በጣቱ ነክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ እጁን ታጠበ። ከዚያ ወዲያ አጎቴ በየጠዋቱ ከሆቴል በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል በሰሐን አድርጎ፣ በጋቢው ሥር ደብቆ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ያመጣለታል። ሽታው ከላይኛው ክፍል በወለሉ ሣንቃ እየሾለከ ወደ እኛ ይወርዳል። እናቴ በርጩማዋን ይዛ ወደ ደጅ ትወጣለች። በዚያ ላይ ለቁንጫ የሚረጨው መድኃኒት አለ። መንገደኞቻችን ገለባ ጎዝጉዘው በሰላም ያድሩበት የነበረው ክፍል እንቁላልና የተባይ መድኃኒት ሸተተ። እናቴን ደግሞ «እማማ» ነው የሚላት፤ በዕድሜ ስንት ዓመት ይበልጣታል።

ታኅሣሥ አጋመሰ። ገብሱ ከአውድማ ገባ፤ ጠዋት ጠዋት አመዳዩ በሣሩ ላይ ይነጣ ጀመር። በብልባላ መንገድ መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ከዚያ በገፍ መንገደኛው መጉረፍ ያዘ። ቱሪስት የሚያውቀው ገናን በቤተ ማርያም ቅጥር ነው፤ ሕዝቡ የሚያድረው ግን እኛ ሰፈር ነው። በገና ሰሞን ከላሊበላ ሁሉ ጸጥታ የሌለው የእኛ ሰፈር ነው ብል አላጋነንኩም። አቶ ፍስሐ ይህን አያውቅም ነበር። ከሰገነቱ ሆኖ አጎቴን ሲቆጣው ሰማሁ።

«ይኼ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ? ጸጥ ያለ ሰፈር ብለኸኝ አልነበረም?»

«አይሥጉ ጌታዬ፤ ወደዚህ ግቢ አንድ ሰው አይገባም።»

«እንደሱ ከሆነ ጥሩ። እስከ ጥምቀት ለመቆየት ነው ሐሳቤ።»

በዚያው አፉ አጎቴ ስለ እግር ማጠቡ አጫውቶት ኖሯል። ሰውዬው ሊዘል ምንም አልቀረው። ይህን ሳላይማ አልሄድም አለ። ደግሞ ቆይቶ «እኔስ መንገደኛ አይደለሁ?» ብሎ ሳቀ። በአውሮፕላን ነበር የመጣው።

የገና ዋዜማ ጠዋት እናቴ ከጓሮ ማጀት ሆና ለበዓሉ ወጥ እያማሰለች መቶ ጊዜ አንገቷን ታወጣለች። የሌሎቹ ቤት እንግዶች ገብተው አልቀዋል፤ የእኛዎቹ የሉም። አጎቴ ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ተገትሮ ነበር። ወደ ቀትር ገደማ ወደ እሷ መጣ።

«እታለም፣ የዋጎቹ ዘንድሮ አይመጡም አሉ። ከብልባላ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው የነገሩኝ።»

እናቴ ማንኪያውን ለቀቀችው። «ኧረ በስመአብ በል። እማሆይስ?»

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ስለቴስ ደርቤ? የዚች ልጅ ነገርስ?»

«እንግዳ አለሽ አይደል?» አላት ቀስ ብሎ፣ በዚያ ለስላሳ ምላሱ። «እሳቸውም ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። የሰው እግር የሰው እግር ነው። ደግሞ ፈቃደኛ ናቸው።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ጎረቤት ሄዳ መንገደኛ መለመን ትችል ነበር፤ ግን የሰው ቤት እንግዳ መንጠቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ቀኑ ደግሞ እየመሸ ሊሄድ ነው። «እሺ» አለች። እኔም ውሃ እንዳመጣ ተላክሁ፤ በእንስራ፣ አቶ ፍስሐ በእንስራ ይምጣ ብሏላ።

ቦኖው ጋ ሰልፉ ረዥም ነበር። እንስራውን አዝዬ፣ ገመዱ ደረቴን እየከረከረኝ፣ በታችኛው በኩል ዞሬ ስመለስ ከግቢያችን ግንብ ሥር አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጠው አየሁ። ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። እማሆይ ነበሩ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ከንፈራቸው ቆመ። ከዚያ በሁለት እጃቸው መሬቱን ተደግፈው ተነሡ።

«ስለእናት? አንቺ ነሽ ልጄ?»

«እኔ ነኝ እማሆይ። ምነው እዚህ?»

ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ግንባሬን ዳሰሱ። «ተመስገን። ተመስገን። ተነሣሽልኝ? ትኩሳቱስ ለቀቀሽ?»

«ምን ሆኜ ነበር እማሆይ?»

«ተስቦ ይዟታል፣ ለነገ አትደርስም፣ ግቢው ሰው አይገባበትም አሉን። እነዚያ ፈርተው ማደሪያ ፍለጋ ሄዱ። እኔ ያንቺን ነገር ሳላይ ወዴት እሄዳለሁ? ጠዋት እንደደረስኩ ተቀምጬ ዳዊት ስደግምልሽ ዋልኩ።» ዓይናቸው እንባ ሞልቶ በዚያ ድምፅ በሌለው ሳቃቸው ሳቁ። «ሰማኝ እኮ። ይኸው ሰማኝ።»

ምን ልበላቸው? አልታመምኩም ነበር ልበላቸው? እማሆይ ሌሊት በውርጭ ከብልባላ ወዲህ ተጉዘው፣ እግራቸው ደም ቋጥሮ፣ ከቤታችን ግንብ ሥር ስለ እኔ ሲጸልዩ፣ እኔ ለፎቶ እንስራ ተሸክሜ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። የገዛ አጎቴ ለአንድ ደልዳላ ሰውዬ ጸጥታ ሲል እኔን፣ የእህቱን የስለት ልጅ፣ በአፉ ገድሎኛል። ጥላቻ ነበር የተሰማኝ ብል አይገልጸውም። የበሰበሰ ነገር የነካሁ ያህል መላ ሰውነቴን ቀፈፈኝ። እንስራውን እዚያው መሬት ላይ አወረድኩት፣ እማሆይን በክንዳቸው ያዝኩና በሩን በእግሬ ገፋሁት።

ግቢው መሀል አቶ ፍስሐ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የእኔን ውሃ መጠበቅ ሰልችቷቸው በጀሪካኑ ጀምረውታል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አንድ እግሩን ገበቴው ውስጥ ነክሯል። እግሩ ለስላሳ፣ ተረከዙ የሕፃን ጉንጭ የሚመስል፣ ክሬም ክሬም የሚሸት። እናቴ ከሥሩ ተንበርክካ አንገቷን ደፍታ ታጥባለች። አጎቴ ካሜራውን ደግኖ ዙሪያቸውን ይዞራል። ሰውዬውም እየሳቀ «ቀስ ይበሉ እማማ፣ ይኮረኩረኛል» ይላል።

እናቴ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው የእማሆይን እግር ነው።

«እማሆይ! ምነው? አይመጡም ብለውኝ…»

«ከጠዋት ጀምሮ ደጃፍሽ ላይ ነኝ አበሩ። ልጅሽ ለሞት ተኝታለች ቢሉኝ ጊዜ ልለምንላት ቁጭ ብዬ ነበር። ይኸው ድና አገኘኋት።»

«ማን ነው የነገረዎት?»

እማሆይ አጎቴን አዩት፤ ከዚያ መሬት መሬት አዩ።

«እታለም፣ እንግዳን ለማክበር ብዬ…» ሲል ጀመረ ደርበው። እናቴ እጇን አንሥታ አቋረጠችው። ስትጮህ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። የሰውዬውን እግር ከገበቴው አውጥታ መሬቱ ላይ አስቀመጠችው። ውሃውን አጥር ሥር ደፋች። ማጀት ገብታ አመድ አፍሳ ወጣች። ከዚያ ተቀምጣ ገበቴውን በአመድ ታሽ ጀመር፤ ውስጡን፣ ውጭውን፣ ዳር ዳሩን። አጥር ላይ የተንጠለጠለው ጎረቤት ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እቃ እንዲህ በአመድ የሚታሸው ውሻ የላሰው እንደሆነ እዚያ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከአንዱ በስተቀር።

«በጣም የሚያስደንቅ ነው» አለ አቶ ፍስሐ ለአጎቴ። «ለእያንዳንዱ እንግዳ እቃው እንዲህ እንደ አዲስ ይታጠባል ማለት ነው?»

«አዎ ጌታዬ» አለ አጎቴ። «ባህላችን ነው።»

እናቴ አዲስ ውሃ ቀዳች። እማሆይን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና እግራቸውን ማጠብ ያዘች። እሱ ካሜራውን ከአጎቴ ነጥቆ፣ አንድ እግሩ እንደረጠበ፣ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ ያነሣ ጀመር። «እንደሱ፣ እንደሱ፣ ቀና ይበሉ!» ይላል። እማሆይ ካሜራው ቀጭ ባለ ቁጥር ፊታቸውን በነጠላ፣ እግራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። እናቴ ቀሚሱን ቀስ ብላ ትገልጥና ታጥባለች። ያን ካሜራ ድንጋይ ላይ ፈጥፍጪው ፈጥፍጪው አለኝ። እናቴ እንዳትረበሽ ብዬ ብቻ ተውኩት።

ስትጨርስ ወንድሟን «ሰውዬውን ዛሬ አስወጣልኝ። አለበለዚያ እህት የለህም» አለችው። እስከ ጥምቀት ቃል ሰጥቻለሁ አለ። ለሰውዬው የሰጠውን ቃል ማለቱ ነው። ግቢው የሁለቱም ውርስ ነበርና ሰውዬውም እስከ ጥምቀት ቆየ። እማሆይ ከእኛ ጋር መደብ ላይ አድረው በዓሉን ውለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከመሄዱ በፊት አቶ ፍስሐ እኔን ጠርቶ «ሆቴል ብቀመጥ ይኼን ሁሉ አላይም ነበር» አለኝ። ፊቴን አዙሬበት ሄድኩ። ዓይን አፋር የገጠር ልጅ መስዬው ይሆናል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ከጊዜ ጋር ይረሳ ነበር። በዓመቱ ግን ገና ሲደርስ እናቴ ላይኛውን ክፍል አጥባ፣ በጢስ አጥና፣ ገለባ ጎዝጉዛ፣ ገበቴዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። የዋጎቹ መጡ። ከእነሱ መካከል እማሆይ የሉም፤ እርጅናው ይሁን የዚያ ቀን ብርድ፣ ወሬያቸውን የሚነግረን አላገኘንም። ሌሎቹ ወደ በራችን ሲቃረቡ ፈጠን አሉ። ልጅ የያዘች ሴት ልጇን ወደ ማዶ ሳበች፤ አንዷ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፈነች። ተስቦ የገባበት ቤት ነው ተብሏላ። እነዚያ አጎቴ የመለሳቸው ሰዎች በየማደሪያው ለሰዉ ሁሉ አውርተውት ከእኛ በር እስከ ሰቆጣ ተሰምቷል። እናቴ «ኑ ግቡ፣ ቤቱ ደኅና ነው፣ ልጅቱም ይቻት» እያለች ትጣራለች። እኔን እጄን ይዛ ታሳያለች። አንድም ሰው አልቆመም። መንገደኛ በሽታ ገብቶበታል የተባለን ቤት አያምንም፤ አልፈርድባቸውም።

እንዲህ ስትጣራ ጀምበር አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ገበቴውን እሷ፣ ጀሪካኑን እኔ ተሸክመን፣ ከከተማው ወጥተን የብልባላ መንገድ ወንዙን የሚሻገርበት ድረስ ሄድን። እዚያ የማን ቤት ሰው እንደሆንን የሚያውቅ የለም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የሚመጣውን መንገደኛ እየለመነች እግሩን አጠበች። አንድ ሽማግሌ መርቀዋት ሲያበቁ «ማደሪያ የለንም፤ ቤትሽ የት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቋት። እናቴ በእጇ ወደ ከተማው በደፈናው ጠቆመችና አንገቷን ደፋች። ከአባቷ የወረሰችው፣ ተጠርጎ ተጎዝጉዞ ባዶውን የቆመ ቤት እያላት። ከዚያ ወዲያ እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ ስለቷን የፈጸመችው እዚያ ወንዝ ዳር ነበር። እኔም አስተማሪ ሆኜ ልጅ ወልጄ እንኳ ጀሪካኑን እሸከምላት ነበር።

ላይኛው ክፍል ባዶ አልቀረም። አቶ ፍስሐ ለወዳጆቹ ነገራቸው፤ እነሱም ለወዳጆቻቸው። አጎቴ በጸጥታው ከበረ። ያንን አይቶ እትዬ ዘነቡም የእንግዳ ክፍላቸውን አከራዩ፣ አያ ካሳም አከራየ። ዛሬ በዚያ ሰፈር በገና ዋዜማ ብታልፉ መንገደኛው ሜዳ ላይ ፕላስቲክ ወጥሮ ያድራል። እግር ማጠቡም አልቀረም፤ ለተከራዩ በቀጠሮ ሆኗል። ሰው ሆቴሉን ሸሽቶ ወደ ሰው ኑሮ ሲገባ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። የሚያስጠላኝ ከገባ በኋላ ማን እንደወጣለት አለመጠየቁ ነው። ከዚያም ይልቅ የሚያስጠላኝ የእኛ ሰው ነው፤ ሳይጠየቅ የሚወጣው፣ የሚያስወጣውም።

ሕሊና ይህን ሁሉ ስትሰማ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ ነበር። አያቷን ታውቃታለች፤ ወንዝ ዳር የምትሄደው ግን እንዲያው ለጽድቅ ብላ ይመስላት ኖሯል።

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ እማዬ?» አለችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። እናንተ ስትገቡ ከዚያ ቤት የሚወጣው ማን ነው?»

ሳቀች፤ ግን ለቤቱ አከራይ ጻፈችለት። አከራዩ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ሰፌዱን አንስቼ ገና አንድ እፍኝ ሳልለቅም መልሱ መጣ። ሕሊና ከስልኳ ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ።

«ማንም አይቸገርም፣ አታስቡ። እናቴ ናት የምትኖርበት፤ እንግዳ ሲመጣ ምድር ቤት ወርዳ እቃ ማስቀመጫው ውስጥ ትተኛለች። ለምዳዋለች።»

የልጄ ጣት ስልኩ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ድመቷን እንደገና ስታያቸው አየሁ።

«ሰፈሩ ግን፣ እማዬ» አለች በመጨረሻ ቀና ሳትል፣ «በጣም ጸጥ ያለ ነው።»